መስመሩን የነካችው ኳስ እና የታገደችው ተጫዋች

ዲሴምበር 17 ቀን 2019
ኩራሚን

ለደቡብ ሜዳዎች የቴኒስ ማኅበር
የጨዋታ ንጽሕና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሜልበርን

ጉዳዩ፦ የገባችን ኳስ «ገብታለች» በማለቴ የተጣለብኝ እገዳ እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ ሆይ፦

1. እኔ አመልካች ማርኒ ኖስኬ እባላለሁ። ትውልዴ ኩራሚን፣ ሙያዬ ፕሮፌሽናል የሜዳ ቴኒስ ተጫዋችነት ነው። በዓለም የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ስሜን ለማግኘት ጣትዎን ብዙ ማንሸራተት ይኖርብዎታል፤ ይታገሡኝ፣ ታች አለሁ። ባለፈው ወር በዊራንዳ የሣር ሜዳ ውድድር ፍጻሜ ላይ ለፈጸምኩት ድርጊት ጽሕፈት ቤትዎ ከማንኛውም ጨዋታ አግዶኛል። ድርጊቱን አልክድም። የምክደው ወንጀል መሆኑን ነው። በዚያ ውድድር ለፍጻሜ የደረስን ሁለት ተጫዋቾች በጥር ወር በሚደረገው በታላቁ የሜልበርን ውድድር ማጣሪያ ላይ ቦታ ተሰጥቶናል። እገዳው እስከ ዓርብ ካልተነሣ ግን የእኔ ቦታ ለሌላ ተጫዋች ያልፋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሮጥ የኖርኩት ለዚህች ቦታ ስለሆነ፣ ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢሞቅ ይቅርታ እንዲደረግልኝ እጠይቃለሁ።

2. መርማሪዎ አቶ ረስል ታትናል «ይህን ጠባይ ከየት አመጡት?» እያሉ ደጋግመው ስለጠየቁኝ ከሥሩ ልጀምር። ኩራሚን ውስጥ ስንዴ፣ የእህል ጎተራና የቴኒስ ሜዳ አለ፤ ሌላው ሁሉ ተዘግቷል። ኳስ መምታት የተማርኩት ከጎተራው ግድግዳ ጋር ነው። እስከ ዛሬ እንደ እሱ የማይደክም ባላጋራ አልገጠመኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከሰው ጋር እንጫወታለን። ዳኛ የለንም። እያንዳንዱ ሰው በራሱ በኩል ያረፈችውን ኳስ ራሱ ይፈርዳል፤ ሕጉም አንድ ብቻ ነው፦ ውጪ መሆኗን በደንብ ካላየህ ገብታለች። የዚህ ሕግ ጠባቂ የቡድናችን አለቃ አክስቴ ግሌኒስ ናት።

ሕጉን ለሚያፈርስ የተጻፈ ቅጣት የለም። ሁላችንም ከየቤታችን አንድ አንድ ሳህን ይዘን እንመጣለን፤ ከጨዋታ በኋላ ተሰብስበን ሻይ እንጠጣለን። ያጭበረበረ ሰው ዘንድ ሲደርስ ታዲያ የኬኩ ሳህን መንገድ ይቀይራል። በቃ፣ ይኸው ነው። አባቴ ኮሊን ወጣት ሳለ በአንዱ ቅዳሜ ቸኩሎ፣ መስመር የነካችን ኳስ «ውጪ!» ብሎ ጮኸ። ጨዋታው ቀጠለ። በሻይ ሰዓት ግን አክስቴ ግሌኒስ በሰው ሁሉ ፊት «ኮሊን፣ ዓይንህ እንዴት ነው?» አለችው። ይኸው እኔ ተወልጄ አደግኩ፣ እሱም ሸበተ፤ ዛሬም ስንዴ ሊያስረክብ በሄደ ቁጥር ሚዛን ላይ ያለው ሰውዬ «ኮሊን፣ ዓይንህ እንዴት ነው?» ይለዋል። አምና እውነተኛ የዓይን ሞራ ይዞት ታክሞ፣ ዓይኑን ታሽጎ ሲመለስ መንደሩ በሳቅ ሊሞት ነበር። እኔ እንግዲህ በዚህ ሰው ቤት ነው ያደግኩት።

3. በታዳጊነቴ የማኅበርዎ መልማዮች አይተውኝ ወደ ከተማው ማሠልጠኛ ተወሰድኩ። ውለታውን አልረሳም፤ ጥሩ ጫማ፣ ጥሩ ራኬት፣ ጥሩ ምግብ ሰጥታችሁኛል። በታዳጊዎች ውድድር ላይም እንደ ቅዳሜያችን ተጫዋቹ ራሱ ይፈርዳል ሲሉኝ ደስ አለኝ፣ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ። ደስታዬ አንድ ጨዋታ ያህል ቆየ። ባላጋራዬ የነበረችው ልጅ መሀል ሜዳ ያረፈችውን ኳሴን ዓይኔን እያየች «ውጪ» አለችኝ። ተሸንፌ ወጣሁ። አሠልጣኜ ፊንታን ግን የተቆጣው እኔን ነው። «ማርኒ፣ ስሚኝ። የምታጠራጥር ኳስ የኛ ናት። የማታጠራጥረውም ብትሆን ትንሽ ተጠራጠሪያት! ይሄን የገጠር ደግነትሽን ሻንጣሽ ውስጥ ቆልፈሽበት ነይ» አለኝ። ልማር ሞክሬ ነበር፣ እውነቴን ነው። በመስታወት ፊት ቆሜ «ውጪ» ማለት ተለማምጃለሁ። ቃሉ ጥሩ አድርጎ ይወጣል፤ ፊቴ ግን ቲማቲም ይሆናል።

በዚህ ምክንያት በታዳጊነት ዘመኔ ያገኘሁት ዋንጫ ሁሉ የመልካም ሥነ ምግባር ዋንጫ ነው። ይህ ዋንጫ የሚሰጠው በጊዜ ለተሸነፈና ላላለቀሰ ልጅ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አንደኛውን ስቀበል የተነሣሁት ፎቶግራፍ በትልቁ ታትሞ፣ «ሐቀኝነት ከሁሉ በፊት» የሚል ጽሑፍ ተጨምሮበት፣ በራስዎ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አቶ ረስል መርምረው ያገዱኝ ከዚያው ፎቶግራፍ ሥር አስቀምጠውኝ ነው። ሁለት ጊዜ ቀና ብለው አይተውት ነበር።

4. ስለ ፕሮፌሽናልነት ዘመኔ ብዙ አልልም፤ ብዙም የሚባል የለውም። ፕሮፌሽናል ማለት ልብስሽን በሰው ቤት መታጠቢያ ገንዳ እያጠብሽ፣ ሙዝ እየበላሽ፣ ከአውቶቡስ ወደ አውቶቡስ እየተዘዋወርሽ፣ ስምሽን በትክክል መጥራት በማይችል የድምፅ ማጉያ መጠራት ነው። በቶውንስቪል ሙቀት ራሴን ስቻለሁ፤ ኒው ካሌዶኒያ ላይ ሻንጣዬ ሌላ አገር ሄዶ በተውሶ ጫማ ተጫውቻለሁ። ግን ወድጄ ነው፣ ማንም አላስገደደኝም። ኳሷ የራኬቱን መሀል ስታገኝ የምትሰጠው ድምፅ አለች፤ ያቺን ለመስማት ስል ገና ብዙ ሙዝ እበላለሁ። በመካከሉ ማኅበርዎ ያዘዘውን የሐቀኝነት ሥልጠና በኮምፒዩተር ወስጄ፣ ሳልሳሳት አልፌ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል። ፈራሚው አሁን እገዳዬን የፈረሙት አቶ ረስል ናቸው።

5. ወደ ድርጊቱ ልምጣ። በዊራንዳ ፍጻሜ ላይ የገጠመችኝ ሚዩ ሃታናካ የምትባል ጃፓናዊት ናት። ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀርቶኝ ነበር። አባቴ ስንዴው አጨዳ ላይ ሆኖ ሳለ ማሽኑን አቁሞ መጥቶ ተመልካች መሀል ተቀምጧል፤ የአጨዳ ሰሞን ማሽን ማቆም ምን ማለት እንደሆነ የገበሬ ልጅ ያውቀዋል። ሃታናካ ኳሷን ወደ ግራ ጥጌ ሰደደቻት። አልደረስኩባትም። የመስመር ዳኛው «ውጪ!» አለ፤ ዋናው ዳኛ «ጨዋታው አለቀ፣ አሸናፊ ኖስኬ» አሉ። አባቴ ኮፍያውን ወደ ሰማይ ወረወረው።

እኔ ግን ኳሷ ስታርፍ ነጩ የመስመር ኖራ ቡን ሲል አይቻለሁ። ምን ላድርግ፣ አየሁት! መላ ሕይወቴ በፊቴ ላይ ተደቅኖ አሰብኩ፣ አመነታሁ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ውሸት ነው። አፌ ቀድሞኝ «ገብታለች» አለ። ዳኛው ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው «ወይዘሪት፣ የሰሙኝ አልመሰለኝም። አሸንፈዋል እኮ!» አሉኝ። «ሰምቻለሁ ጌታዬ፤ ግን ገብታለች» አልኳቸው። ነጥቡን ለሃታናካ ሰጡ። ሃታናካ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ፣ ከዚያም ቀና ብላ አሸነፈችኝ። ፊንታን ፎጣ ጭንቅላቱ ላይ ጥሎ ተቀመጠ።

አባቴ ኮፍያውን ሲፈልግ ቆይቶ መጣ። ወደ መኪናው ስንሄድ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። በሩን ከፍቶልኝ እንደቆመ «ዓይንሽ ደኅና ነው» አለኝ። ጥያቄ አልነበረም።

6. በሳምንቱ የመርማሪዎ ጥሪ ደረሰኝ። የክሱ ቃል «ያለ በቂ ምክንያት ድልን አሳልፎ መስጠት» ይላል። በእኔ ሽንፈት ላይ የተወራረደ ሰው ተገኝቶ እንደሆነ ብጠይቅ፣ «አንድም አልተገኘም፤ ይህም አሠራሩ ምን ያህል በጥንቃቄ እንደተደበቀ ያሳያል» ተባልኩ። ሃታናካ ራሷ ቀርባ «እኔም ስትገባ አይቻታለሁ» ብላ መስክራለች። «ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» ሲሏት «ቀደመችኝ» አለች። ተጠቃሚ ስለሆነች ቃሏ አይያዝም ተብሏል።

ከሁሉ የከፋው ጥፋቴ ግን የሚከተለው ነው። አቶ ረስል «እንዲህ እንዲያደርጉ ያዘዘዎት ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ሳላስብ «አክስቴ ግሌኒስ» ብዬ መለስኩ። እኛ አገር ይህ መልስ ነው፤ እሳቸው ዘንድ ግን ፍንጭ ሆነ። ኩራሚን ደውለው አክስቴን «ተጫዋቾች ነጥብ እንዲለቁ መመሪያ ይሰጣሉ?» ብለው ጠየቋት። አክስቴ ጆሮዋ ትንሽ ከበድ ቢልም ይህን በደንብ ሰምታለች። «አዎና! የዚህን መንደር ልጅ ሁሉ እኔ ነኝ ያስተማርኩት። አንተን ማን ነው ያስተማረህ የኔ ልጅ?» አለቻቸው። ይኸው በሚቀጥለው ደብዳቤያችሁ ላይ «በገጠር ለረጅም ዘመን ሥር የሰደደው የግሌኒስ መረብ» የሚል ሐረግ አነበብኩ። ክቡር ኃላፊ፣ የግሌኒስ መረብ በኩራሚን ሜዳ መሀል የተወጠረው መረብ ነው፤ እሱንም አይጥ በልቶታል።

7. ባለፈው ሳምንት ሰኞ አቶ ረስል መፍትሔ አቀረቡልኝ፤ ክፉ ሰው ናቸው አልልም፣ ፋይሉን መዝጋት ፈልገው ነው። «ፀሐይ ዓይኔን ወግታኝ ኳሷ ገብታለች ብዬ በስሕተት ተናገርኩ» የሚል ጽሑፍ አዘጋጅተው ይፈርሙ አሉኝ። ከፈረምኩ እገዳው በዚያው ዕለት ይነሣል፤ ማጣሪያውን እጫወታለሁ። ውጪ ቆሞ ይጠብቀኝ የነበረው ፊንታን ሲሰማ ሊያብድ ደረሰ። «ፈርሚ እንጂ! ስለ አንዲት ኳስ? ኳስ ናት እኮ ማርኒ! እዚያ ሜዳ ላይ አንድ ቀን ለመቆም ጥርሱን የሚነቅል ሰው አለ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም ከነዚያ ሰዎች አንዷ ነኝ። ጥርሴን ቢሉኝ ኖሮ እሰጥ ነበር። እስክሪብቶውንም አንሥቼ ነበር።

ለአክስቴ ደወልኩላት። «የፈለግሽውን ፈርሚ የኔ ቆንጆ፤ ሕይወትሽ ነው። ቅዳሜ ግን ኬኩን የምቆርሰው እኔ ነኝ» አለችና ዘጋችብኝ። አባቴንም ጠየቅኩት። እሱ ስለ ዝናብ አወራኝ።

ኳሷ ባረፈችበት ሰዓት ፀሐይዋ ከጀርባዬ ነበረች። ጨዋታውን የተመለከተ ሁሉ ያውቃል። አልፈረምኩም።

8. ስለዚህ የሚከተለውን በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ።

ሀ) ምንም ነገር ሳልፈርም እገዳው እንዲነሣልኝና ማጣሪያውን እንድጫወት እንዲፈቀድልኝ፤

ለ) አክስቴ ግሌኒስ ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር እንድትወጣ። ይህን የምጠይቀው በራሴ ፈቃድ ነው፤ እሷ ስሟ እዚያ መጻፉን ወድዳዋለች፣ ለሰው ሁሉ እያወራች ነው፤

ሐ) እገዳው የማይነሣ ከሆነ ፎቶግራፌ ከግድግዳችሁ እንዲወርድ። ካልሆነም ከሥሩ ያለው ጽሑፍ «ሐቀኝነት ከሁሉ በፊት፣ ከማጣሪያ በኋላ» ተብሎ እንዲስተካከል፤

መ) የእገዳው ቃል «መረብ በተወጠረበት በማንኛውም ሜዳ» ስለሚል የቅዳሜውን ጨዋታችንንም ይዞብኛል። ባለፈው ቅዳሜ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ሳህኔን በሽቦው ላይ አሳልፌ አቀበልኩ። ቢያንስ አጥሩን እንድሻገር ይፈቀድልኝ።

ይህ ሁሉ ቢከለከል ሌላ ይግባኝ አልልም፤ ማጣሪያውን በቴሌቪዥን አየዋለሁ፣ አለቅሳለሁም። አንድ ነገር ግን እለምናለሁ። በፋይሌ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ኳሷ ውጪ ነበረች» ተብሎ ተጽፏል። እሱ ይታረም። ቅዳሜ ዕለት ከአጥሩ ውጪ እንደቆምኩ አክስቴ ግሌኒስ ትልቁን ቁራሽ ይዛ መጥታ፣ አባቴ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ፣ «ማርኒ፣ ዓይንሽ እንዴት ነው?» አለችኝ። እስኪ ይመልከቱልኝ ክቡር ኃላፊ፣ ያንን ፈርሜ ቢሆን ኖሮ ምን ብዬ እመልስላት ነበር?

ደኅና ነው አልኳት።

ከሰላምታና ከጥቂት ንዴት ጋር

(ፊርማ)
ማርኒ ኖስኬ
ለጊዜው ፕሮፌሽናል ተጫዋች

ግልባጭ፦
ለአቶ ረስል ታትናል፣ መርማሪ (ቅዳሜ ብቅ ቢሉ ሻይ አለ፤ ሳህን ይዘው ይምጡ)
ለኩራሚን የቅዳሜ ቴኒስ ክበብ፣ በግሌኒስ መረብ በኩል