ማምለጫዋ ላይ የቀባሁት ግሪስ

ማክሰኞ የካቲት 3፣ ጠዋት 1 ሰ.

ሃያ ጊዜ። ዓይን ጨፍኖ፣ በቀኝ እጅ፣ በአንድ ትንፋሽ። ዐሥራ ሰባቱ ተሳካ። ሦስቱ ላይ የማምለጫዋ እጀታ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። የአበርገሌ አቧራ!

ደብተሬ፣ ጠፋብሽ እንዴ? ላስታውስሽ። ሪብሪዘር፣ የጠላቂ መተንፈሻው፣ የተነፈስነውን አየር አጥቦ፣ ከሲሊንደሩ ኦክስጅን ጨምሮበት መልሶ ያስተነፍሰናል። አረፋ ስለማይለቅ የተከዜ ግድብን ዓሣ ሳናስበረግግ እንቆጥራለን። ማጠቡን ካቆመ ግን ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ ያኔ በአፌ የያዝኩትን አውጥቼ ሌላ ልጉረስ ያለ ሰው ውኃ ነው የሚጎርሰው። ማምለጫ ቫልቭ ለዚህ ነው። አፍ ላይ እንዳለች እጀታዋን ጠምዘዝ፤ ከመጠባበቂያው ሲሊንደር ንጹሕ አየር ይመጣል። አለቀ።

ጋሽ ሙ. (ሙሉጌታ፣ አሠልጣኜ) ፈርደዋል፦ እስከ ሐሙስ ሃያውም ካልተሳካ ቅዳሜ ብቻቸውን ይጠልቃሉ። እሑድ ወደ አ.አ. ይመለሳሉ። ሌላ ጉዞ መቼ ይኖራል? እንጃ።

ይሳካል። እኔ ነኝ የምልሽ።

ረቡዕ 4፣ 10 ሰ.

ዐሥራ አራት! ጭራሽ ወደ ኋላ። ተናድጄ ምሳ አልበላሁም።

አያ ኪሮስ፣ ባለጀልባው፣ መረብ እየጠገኑ ሲያዩኝ ቆዩና ሳቁብኝ። «አንቺ ልጅ፣ ጠምቷት እኮ ነው! ጠመንጃም ዘይት ካላጠጡት ይነክሳል።» ከጀልባቸው ሞተር ግሪስ በቆርኪ አመጡልኝ። በጣቴ ጫፍ፣ ትንሽ፣ እጀታዋ ሥር።

ማር ሆነች። ሃያ በሃያ! ለጋሽ ሙ. አልነገርኩም፤ ብልሃቱ የራሴ ይምሰል።

ሐሙስ 5፣ 11 ሰ.

ጋሽ ሙ. ፊት ሃያ በሃያ። ሰዓት ይዘው ነው ያዩኝ። ቅዳሜ እጠልቃለሁ! ሰቆጣ ደወልኩ። እማዬ ዲግሪ ይዘሽ ዓሣ ቆጠራ ገባሽ ብላ ስቃ ስቃ፣ ስንት ሜትር እንደምወርድ ስትሰማ ግን ተይው፣ ነይ ወደ ቤት አለችኝ። አባበልኳት፤ ማምለጫ አለኝ አልኳት።

ከደስታ ብዛት አንቺን ወደ ኋላ ገለጥኩ፤ የቢሾፍቱውን ሥልጠና፣ የመጀመሪያውን ቀን ላነብ። በቀይ እስክሪብቶ፣ በገዛ እጄ፦ ኦክስጅን ባለበት ግሪስም ዘይትም አይደርስም፤ ይቀጣጠላል።

እስካሁን የተለማመድኩት የብስ ላይ ነው፤ ሲሊንደሮቹ ዝግ ናቸው። ነገ ይከፈታሉ።

ዓርብ 6፣ ጠዋት 12፡30

በሳሙና ጠራርጌው ዝም ብልስ? ከላይ ያለው ይለቃል። ውስጥ የገባውስ? ቫልቩ መፈታት፣ የማሸጊያ ጎማዎቹ መቀየር አለባቸው። ጎማው ያለው አ.አ. ነው። ከተናገርኩ ቅዳሜ የለችም። በንጹሕ ውኃ የሚታጠብ አቧራ ነበር እኮ! ችኩል።

ለአያ ኪሮስ ነገርኳቸው። ደነገጡና «እኔ ቀባሁት በያቸው፤ ሽማግሌን ማን ይቆጣል?» አሉኝ። አሳቁኝ። ግን የቀባችው ጣት የእኔ ናት።

ወሰንኩ። ጋሽ ሙ. ኦክስጅን የሚከፍቱት 2 ሰ. ላይ ነው፤ ከሻይ በፊት እነግራቸዋለሁ። ይቆጡ። ነገ ጀልባ ላይ ገመድ እይዛለሁ፣ እሳቸው የቆጠሩትን እመዘግባለሁ። በሚቀጥለው ጉዞ ግን እጠልቃለሁ፤ መቼም ይሁን መቼ። ያኔ ይህቺን ማምለጫ ከእኔ በላይ የሚያውቃት አይኖርም። እማዬን የዋሸኋት አይሆንም።

ድንኳናቸው ተከፈተ። ሄድኩ