በማኅበሩ በር ላይ የተቋጠረው ጋቢ

ለውድ እህቴ ለዝናሽ አራጌ፤ አቴንስ

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ጤናሽስ እንዴት ነው? ሽማግሌውን ስታነሺ ስታስተኚ የሚያምሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ያቺ በክረምት ትበርዳለች በበጋ ታፍናለች ያልሽኝ ክፍልሽስ እንዴት አደረገችሽ? እኔም፣ ባለቤቴ የኔአለምም፣ ልጃችን ሐረግም አለን፤ ፈጣሪ ይመስገን። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንን ብዬ እንደ ወጉ እንዳልቀጥል ግን ደብዳቤው ገና ከአፉ ውሸት ይሆንብኛል። ውሸት ደግሞ በቅቶኛል።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም። ኔትወርኩ መጣ ሲሉት ይሄዳል፤ ባይሄድም ድምፅሽን ስሰማ «ደህና ነን» ከማለት በቀር ሌላ አይወጣኝም። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት ጻፍኩት። ጎረቤታችን ጠይባ መንገዱ ከተከፈተላት ጨርቅ ልታመጣ ደሴ ትሄዳለች። እዚያ ስትደርስ ገጹን አንድ በአንድ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችን ከቤት ወጥተዋል። ከሰኔ ሚካኤል ጀምሮ ዛሬ ዘጠኝ ቀናቸው ነው። ጧት ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙና እኔ የምመራው የቁጠባና ብድር ማኅበር በር ላይ ይቀመጣሉ። የጋቢያቸውን ጫፍ ከብረት በሩ ጋር ይቋጥራሉ፤ ሲመሽ ፈትተው ከዘበኛው ክፍል ይገባሉ። ቁራኛ መሆናቸው ነው። አያታችን የሚያወሩልንን ታስታውሻለሽ፤ ባለ ዕዳና ባለ ገንዘብ ነጠላቸውን አጋጥመው ቋጥረው፣ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ሲሄዱ፣ አብረው ሲበሉ፣ አብረው ሲተኙ። እኔ ተረት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን አባቴ በሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ በዚህ በሰኔ ዝናብ፣ ማንም ሳያስራቸው ራሳቸውን አስረው ተቀምጠዋል።

ከየት እንደ ጀመረ ልንገርሽ። የጀመረው ካንቺ ነው። አልወቅስሽም፤ ወይም እውነቱን ልናገርና ትንሽ እወቅስሻለሁ። ሽማግሌውን ኪርዮስ ስታማቲስን (ኪርዮስ በነሱ አቶ ማለት ነው ብለሽኛል) ለመጦር የገባሽ ሰሞን ስለሳቸው የጻፍሽልኝ ሁሉ ዛሬም በቃሌ ነው። የወይራ ገበሬ ልጅ መሆናቸውን፤ ከደሴታቸው ወደ ከተማ ሲመጡ በመርከብ ወለል ላይ ከፍየል ጋር ተኝተው መምጣታቸውን፤ በኢኮኖሚክስ ዶክተር ሆነው ማስተማራቸውን፤ ተማሪዎቻቸው ተወዳደሩ ብለው ወትውተው ፓርላማ እንዳስገቧቸው፤ ከዚያ ሚኒስትር፣ ከሚኒስትርነት ወርደው ደግሞ የትልቅ ባንክ አለቃ መሆናቸውን። በግድግዳቸው ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ሁሉ አቧራውን እየወለወልሽ ለኔ ትተረጉሚልኝ ነበር።

እኔ ያን ጊዜ እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ገንዘብ ከተኛ እንደ ሥራ ፈት ጎረምሳ ነው፣ ይበላል እንጂ አያበላም ይላሉ ብለሽ የጻፍሽልኝን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ክፍሉን በሳቅ አፍርሼዋለሁ። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፣ እኔም አስተማሪ ነኝ እያልኩ ከሰውየው ጋር ራሴን ማስተያየት ያዝኩ። ለምክር ቤት ተወዳደር ሲሉኝ እሺ አልኩ። የወረዳ ፋይናንስ ኃላፊ ሁን ሲሉኝ እሺ አልኩ። ማኅበሩ ሲቋቋምና ምራው ሲሉኝማ ዓይኔን አላሸሁም። የኔአለም አንድ ቀን፣ ያ ግሪክ በሄደበት ሁሉ እየሄድክ ነው፣ ለመሆኑ መጨረሻውን ጠይቀሃል ወይ አለችኝ። ሳቅኩባት። ሚስትን መስማት ማን አስተማረን።

ሰው ገንዘቡን ያመጣው እኔን አምኖ እንዳይመስልሽ። በአገሩ ደንብ ዋስ አምጣ ተባልኩ። ከሰንበቴ በኋላ ሕዝቡ እንደ ተሰበሰበ አባታችን ብድግ አሉና፣ የልጄ የክንፈ ቃል የኔ ቃል ነው፣ እሱ ቢያጥፍ እኔን ያዙኝ አሉ። ከዚያ ወዲያ ወረቀት የጠየቀኝ የለም። ወርቂቱን ታውቂያታለሽ፤ ከወንዟ ማዶ ያለችው ባሏ የሞተባት። ማረስ ቢያቅታት ሁለቱን በሬዎች ሸጣ ገንዘቡን በመቀነቷ ቋጥራ አመጣች። አንተን አላውቅህም፣ አራጌን ነው የማውቀው አለችኝ።

እኔም ገንዘቡ እንዳይተኛ ብዬ ለወረኢሉ በግ ነጋዴዎች አበደርኩት። ለፋሲካ አድልበው አዲስ አበባ ሊያወርዱ። ከዚያ መንገድ ተዘጋ። ተከፈተ ሲባል ይዘጋል፣ ነገ ሲባል ከነገ ወዲያ ይሆናል። ፋሲካም አለፈ። በጉ የበላውን በልቶ ግማሹ በርካሽ ተሸጠ፣ ግማሹን በሽታ ጨረሰው። ነጋዴዎቹ ሌቦች አይደሉም፤ እንደኔው አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ።

ግንቦት ላይ በገበያ ቀን ሰው ወሬ ሰምቶ ግቢያችንን ሞላው። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ያን ጊዜ የመጣልኝ የኪርዮስ ስታማቲስ ቃል ነው። አገሩ በጭንቅ ላይ ሳለ በቴሌቪዥን ወጥተው፣ ገንዘባችሁ እጄ ላይ ነው፣ ሂዱና በሰላም እደሩ ብለው ሕዝቡን አረጋጉት ብለሽ የጻፍሽልኝ። ያንኑ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተናገርኩ። እጄ ላይ ግን ምንም አልነበረም። አባታችን ከሰው መሀል እጃቸውን አንስተው፣ መድኃኔዓለምን፣ ልጄ አለ ካለ አለ ብለው ማሉ። ሰውም አመስግኖ ተበተነ። በሦስተኛው ሳምንት በሩን ዘጋሁ።

ከዚያ ወዲህ ነው የድምፅ መልእክትሽ የገባልኝ። ሰውየው ያን በተናገሩ በሦስተኛው ቀን ባንኩ መዘጋቱን ያን ጊዜ ሰማሁ። ሽማግሌ አሮጊቱ ጡረታውን ፍለጋ አስፋልት ላይ ተሰልፎ መዋሉን፣ ጎረቤቶቻቸው እስከ ዛሬ ሰላም እንደማይሏቸው፣ አሁን አእምሯቸው ሸሽቶ ጧት ጧት በመስኮት እያዩ ሰልፉ ሄደ ወይ እያሉ እንደሚጠይቁሽ፤ አንቺም ሄዷል ስትያቸው ወተታቸውን እንደሚጠጡ። እታለም፣ ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ሹመታቸውን አንድ ሳታስቀሪ ጽፈሽ ውድቀታቸውን ለምን አስቀረሽብኝ? አውቃለሁ፣ ወንድሜ ልቡ እንዳይሰበር ብለሽ ነው። ልቤስ ቢሰበር ይሻለኝ ነበር።

ትናንት ከአባታችን ጎን ተቀምጬ የሰውየውን ታሪክ ነገርኳቸው። በትልቅ አገር፣ በትልቅ ሰው ላይም እንዲህ ይደርሳልና ተነሡ፣ ቤት እንግባ ለማለት። ሰምተውኝ ሲያበቁ ዋሱ ማን ነበር ብለው ጠየቁኝ። እዚያ አገር ሰው ለሰው አይዋስም፣ ሕጉ ነው ዋሱ አልኳቸው። ምስኪን፣ ለብቻው ነዋ የወደቀው አሉ። ከበሩ ግን አልተነሡም።

የጀመራቸው ሳል ሊለቃቸው አልቻለም። ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ ከዚያ በኋላም ከቤት የምናመጣላቸውን ቀምሰው ይመልሱታል። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ የምትይዝላቸው ማን ትመስልሻለች? ወርቂቱ ናት። የበሬዎቿን ዋጋ ያጠፋሁባት ሴትዮ። በሶ በጥብጣ ብታመጣላቸው፣ የባለ ገንዘብ እህል አልቀምስም ብለው መለሱላት። እሷም ገንዘቡ ዘገየ እንጂ አለ ብላ ታምናለች፤ ምለውላታላ።

እውነቱን ብናገር የአባቴ መሐላ የሐሰት መሐላ ይሆናል፤ የሰባ ስምንት ዓመት ስም በአንድ ቀን ይወድቃል። ዝም ብል ሳሉ ከዚያው ከበሩ ላይ ይወስዳቸዋል። ብቻዬን እያሰብኩ እዚህ ደርሻለሁ። አሁን በእርግጥ እጄ ላይ ያለው ይህ ብቻ ነው። አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ የኔአለም እንዳታየኝ በጎተራው ጀርባ አለቀስኩ።

እስከዚህ የጻፍኩት ዓርብ ነው። ዛሬ እሑድ ነው፤ ጠይባ ነገ ስለምትነሣ ልጨርሰው።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሰው በማኅበሩ በር ሲያልፍ እንዲቆምልኝ ለመንኩና ተናገርኩ። ያን ቀን ገንዘብ አልነበረኝም፣ አባቴን በመድኃኔዓለም ስም በሐሰት ያስማልኳቸው እኔ ነኝ አልኩ። የጮኸብኝ የለም። ቢጮሁብኝ ደስ ባለኝ። ወርቂቱ ብቻ፣ ስትነግረን ታውቅ ነበር ወይ አለችኝ። አውቅ ነበር አልኳት። ጃንጥላዋን አጠፈችና ሄደች። ካፊያው በአባታችን ራስ ላይ ይወርድ ጀመር።

አባታችን ቀና ብለው አላዩኝም። ጋቢያቸውን ከብረቱ ፈቱት። ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት ሊገቡ ነው ብዬ እጃቸውን ልይዝ ስል የኮቴን ጫፍ ያዙና ከጋቢያቸው ጋር ቋጠሩት። ሁለት ጊዜ አጠበቁት። በሩን በከንቱ አስሬው ኖሬያለሁ አሉ፣ በሩ ምን አደረገ። ቃል የሰጠሁት በየቤቱ ላለ ሰው ነው፤ ነገ ከወርቂቱ ደጅ ጀምረን እንዲሁ እንደ ተቋጠርን በየደጁ እንዞራለን፣ የሚረግመንም ይርገመን፣ ቀን የሚሰጠንም ይስጠን አሉ። የሰው ብዛት ያስፈራኛል፤ ሳላቸው ደግሞ ከዚያ ይልቅ ያስፈራኛል። ወንዙ ሞልቷል። ግን እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ አሁንም የምጽፍልሽ ግራ እጄን ሳላንቀሳቅስ ነው፤ ተደግፈውኝ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ገንዘብ ላኪ አላልኩሽም፤ እንዳትልኪ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ይህ በደረሰሽ ማግሥት ጧት ኪርዮስ ስታማቲስ ሰልፉ ሄደ ወይ ሲሉሽ፣ ሄዷል አትበያቸው። አልሄደም፣ ግን ወጥቶ የሚያነጋግረው ሰው ተገኝቷል በያቸው። ማን ነው ካሉሽም ስሜን አትጥሪ፤ የአራጌ ልጅ ነው በያቸው።

የኔአለም ጉንጭሽን ትስማለች። ሐረግ ክፍሏን ማለፏን ንገራት ብላለች፤ ጫማ ብለሽ ቃል የገባሽላትን ግን አልረሳችም። ጠይባም ሰላም ብላሻለች። አባታችን ሳያንቀላፉ በፊት፣ ወገቧን ትጠንቀቅ፣ ያን ሽማግሌም ለብቻው አትተወው በላት ብለውኛል።

ወንድምሽ ክንፈ

ከማኅበሩ ደጃፍ፣ ከአባታችን ጋር እንደ ተቋጠርኩ፤ መካነ ሰላም
ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.