ካልሲ ሻጮቹን መሐንዲሶች የቆጠሩት ወይዘሮ ቡርማካን ሳዲርቤኮቫ

ወይዘሮ ቡርማካን ከፈረስ ሐኪሙ ከአቶ ሳዲርቤክ እና ከመምህርት ዙዩም እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1952 በአት ባሺ መንደር ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው፣ በታሽከንት ስታቲስቲክስ ተምረው በ1975 በማዕረግ ተመረቁ። በዚያው ዓመት በዋና ከተማችን በዛሬዋ ቢሽኬክ በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም ሌላ መሥሪያ ቤት አላወቁም። በ1977 ከውኃ መሐንዲሱ ከአቶ ካችኪን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

ሶቪየት ኅብረት ፈርሶ ፋብሪካዎች ሲዘጉ የተማረው ሁሉ ሊነግድ ከከተማው ዳር ወዳለው ዶርዶይ ገበያ ወጣ። መንግሥት ግን ይህን አያውቅም ነበር፤ ሰው ሥራውን ሲጠየቅ ዲፕሎማው ላይ የተጻፈውን ይመልስ ነበርና። በ1998 ወይዘሮ ቡርማካን ራሳቸው ገበያ ወርደው አንድ ካልሲ ሻጭ ጠየቁ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«መሐንዲስ ነኝ፣ እትዬ።»

«ይሄ ካልሲስ?»

«እሱማ ለጊዜው ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ኧረ ይተዉኝ! ይልቅ ካልሲ ይግዙ።»

ገዙ። ቢሮ ተመልሰውም የመጠይቁን ጥያቄ ቀየሩት፦ ባለፈው ሳምንት ምን ሲሠሩ ዋሉ? ለዚያ ሥራስ ምን ያህል ትምህርት ይበቃል? መልሱ ከሰውየው ትምህርት ጋር ሲነጻጸር፣ ማን ከሥራው በላይ፣ ማን ከሥራው በታች እንደተማረ ይታወቃል። ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል። ያኔ ግን አለቃቸው «የመሐንዲሶችን አገር የካልሲ ሻጭ አገር ሊያደርጉብን ነው?» ብለው ነበር። ወይዘሮ ቡርማካን «ሆኗል እኮ» ብለው ቀጠሉ።

ከባዱ ፈተና የመጣው ከቤት ነው። መጠይቁ የሚሞላባቸውን ቤቶች የሚመርጠው ዕጣ እሳቸው የሚኖሩበትን ሕንፃ አወጣ። አቶ ካችኪን ከሥራ ተቀንሰው ታክሲ ይነዱ ነበር፤ መጠይቁን ይዛ ለመጣችው ጠያቂ ግን «መሐንዲስ» አሉ። ወይዘሮ ቡርማካን ይህን ሲሰሙ ጠያቂዋ ተመልሳ እንድትመጣ አዘዙ።

«በሰፈሩ ፊት ልታዋርጂኝ ነው?» አሉ አቶ ካችኪን።

«እንዲህ ከተደበቅክ ማን ፈልጎ ያገኝሃል?»

አቶ ካችኪን ተቆጥተው ወንድማቸው ቤት ከረሙ። ወይዘሮ ቡርማካን አልለመኗቸውም፤ መጠይቁንም አላስተካከሉላቸውም። ጠያቂዋ ዳግም ስትመጣ ግን በሩን የከፈቱት ወደ ቤት የተመለሱት አቶ ካችኪን ነበሩ። «ታክሲ ነጂ። ለዚህ ሥራ መንጃ ፈቃድ ይበቃል» አሉ።

ሠንጠረዡ ታተመ። መሐንዲሶች ታክሲ ሲነዱ፣ የገጠሩን የመስኖ ፓምፖች ሥራውን ያልተማሩ ሰዎች እንደያዟቸው ጎን ለጎን አሳየ። የውኃ መሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ፍለጋ ማስታወቂያ አወጣ። በ2001 ወደ መስኖ ሥራ ከተመለሱት መሐንዲሶች አንዱ አቶ ካችኪን ነበሩ።

ወይዘሮ ቡርማካን በ2012 በክብር ጡረታ ወጡ። በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ተኝተው እንኳ፣ ወለል የምታጸዳውን ሴት ምን እንደተማረች ሳይጠይቁ አላለፏትም። ኦክቶበር 9 ቀን 2019 በተወለዱ በ67 ዓመታቸው አረፉ።

ቤተሰባቸውን እሳቸው በሚፈልጉት መንገድ እንጽፋለን። ባለቤታቸው አቶ ካችኪን፣ የውኃ መሐንዲስ፣ ከውኃ ሥራ በጡረታ የወጡ። ልጆቻቸው፦ ጉልባራ፣ በሕክምና የተመረቀች፣ ሐኪም። አሴል፣ በሕግ የተመረቀች፣ ልብስ ሰፊ። ኤርኪን፣ በታሪክ የተመረቀ፣ ሞስኮ የመጋዘን ሠራተኛ። ማንም አልተደበቀም።

ሰው ሁሉ የሚመጥነውን ቦታ እንዲያገኝ የደከሙትን እናታችንን አላህ ለእሳቸው በሚመጥን ቦታ ያሳርፍልን። አፈሩም ሐር ይሁንላቸው።