የእማማ ዘሀራ ውጤት

ሐሙስ፣ ጥር 8

የዲኤንኤው ውጤት ጠዋት ደረሰ። የተለያዩ ቤተሰቦችን የምናገናኘው በጎ ፈቃደኞች ሁላችንም ደጋግመን አየነው። ዳንኤል የእማማ ዘሀራ ልጅ አይደለም።

እማማ ዘሀራ ደሴ አጠገብ ያለው የገራዶ ሰፈር ሴት ናቸው። ድሮ ታመው ሳሉ ሕፃን ልጃቸውን ለጉዲፈቻ ሰጥተዋል። ዳንኤል ደግሞ ውጭ አገር አድጎ እናቱን የሚፈልግ ወጣት ነው። የሰፈሩ ስምና ጊዜው ስለገጠመልን አገናኘናቸው። “ምርመራው እስኪመጣ ጠብቁ” ብዬ ነበር፤ ማን ሰማኝ! ከክረምት ጀምሮ እኔ እያስተረጎምኩ በስልክ “ልጄ”፣ “እማዬ” ሲባባሉ ከረሙ። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ይገባል።

ውጤቱን እሱም አይቶት ኖሮ ደወለልኝ። “እንዳትነግሪያት፤ ልጇ ሆኜ እመጣለሁ” አለኝ እያለቀሰ። ጨነቀኝ። ዝም ካልኩ እውነተኛ ልጃቸውን የሚፈልገው ማን ነው?

ከሰዓት ደሴ ወጥቼ እማማን ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር አገኘኋቸው። ለዳንኤል ብርድ ልብስ እየመረጡ ነበር። ፊቴን አየት አደረጉና “መጣ ውጤቱ?” አሉኝ።

“እማማ፣ እንዴት ብዬ ልንገርዎት…”

“ተይው ሰኢዳ፤ ገብቶኛል።” ብርድ ልብሱን አጥፈው አቀፉት። ከዚያ ክንዴን ጨበጡኝ። “ወላሂ፣ ልጄን መፈለጉን እንዳትተይ። ለዳንኤል ግን እንዳትነግሪው። እናቴን አገኘሁ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ይከፋዋል።”

ብርድ ልብሱን ገዝተው ሄዱ።

ለሁለቱም እሺ ብያለሁ። ቅዳሜ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ መሀላቸው ቆሜ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ድምፄ ቢከዳኝስ?