አባቴ በኔ ስም የሰጡት ቃል

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ፣ ጧት 4 ሰዓት

ጫማ ጠረግኩ። ባጄን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። አስጎብኚዎች ማኅበር በር ላይ ተሰለፍኩ። ተራዬ ስድስተኛ። እንግዳ፦ ሁለት ብቻ፣ እነሱም የራሳቸውን አስጎብኚ ይዘው የመጡ። ወደ ቤት። ይኸው ነው ሥራዬ በዚህ ሰሞን፣ ደብተሬ። መሰለፍና መመለስ።

ዛሬ ግን ልመለስ ስል የማኅበራችን ሰብሳቢ ጋሽ መኮንን ወደ ውስጥ ጠሩኝ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የጉዞ ድርጅት ለላሊበላ አንድ የስፓኒሽ መማሪያ ቦታ ሰጥቷል። ሦስት ወር፣ ከነማደሪያው፣ በነፃ። የተማረው ሰው ከመስከረም ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ የስፔን ቡድኖችን ብቻ ይዞ ይዞራል። ተራ ጥበቃ ቀረለት ማለት ነው። እንግሊዝኛሽ ከሁሉም ይሻላል ብለው እኔን መረጡ። ፊርማው ሰኔ 10።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ከፊት የዕለት ውሎዬን እጽፍብሻለሁ፤ ከኋላ ተገልብጦ የተጻፈው ሁሉ ጣልያንኛ ነው።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ሰው ሁሉ «ለምን ጣልያንኛ?» ይለኛል። እስቲ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሆቴል ስሠራ ነው። አንዲት ጣልያናዊት አሮጊት በየጧቱ ቁርስ ላይ ዓይኑ ለደከመ ባሏ መጽሐፍ ታነብለት ነበር። ትሪ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ቃል አልገባኝም፤ ጆሮዬ ግን ከድምፁ አልላቀቅም አለ። ስትሄድ መጽሐፉን ትታልኝ ሄደች። አራት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ አስተማሪዬ ስልኬ ነው። ማታ ማታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ከቤቱ ጓሮ እየተመላለስኩ ጮክ ብዬ እላለሁ፦ ቫዶ፣ ቫይ፣ ቫ፣ አንዲያሞ፣ አንዳቴ፣ ቫኖ። መሄድ ነው። እሄዳለሁ፣ ትሄዳለህ፣ እያለ ይወርዳል።

እንዲህ እየተመላለሱ ማጥናትን ያየሁት ከአባባ ተማሪዎች ነው። አባባ መሪጌታ ናቸው። ገነተ ማርያም ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ አስተማሩ፤ ጉልበታቸው ሲደክም እኔ ዘንድ መጡ። ዓይናቸው ፈዝዟል። ማታ መቁጠሪያቸውን ይዘው በር ላይ ካለው መደብ ይቀመጣሉ። የኔን ጥናት ንብ ሰፈረብን ይሉታል።

ምክንያቱ ይኸው ነው። ወደድኩት። አይበቃም?

ሰኔ 1፣ እሑድ

ተናድጃለሁ።

ከቅዳሴ ስወጣ አንዷ ጎረቤት እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ። ሌላዋም። ምን ተገኘ ብዬ ብጠይቅ፣ አባባ ቤተ ክ. ደጃፍ ጋሽ መኮንንን አግኝተው ልጄ ትሄዳለች ብለው ቃል ሰጥተዋል። ሳይጠይቁኝ! የመሪጌታ ቃል። እዚህ አገር እሱ ከፊርማ ይከብዳል።

ቤት ገብቼ የምፈልገው ጣልያንኛ ነው አልኳቸው። አበስኩ ገበርኩ አሉ። አምስት ዓመት አገር ሲያቃጥሉ የኖሩ ሰዎች ቋንቋ ምን ይሠራልሻል አሉ። ቋንቋው ማንንም አልተኮሰ አልኩ። እሺ፣ ስንት ጣልያን ይመጣል አሉ። ዘንድሮ የደረሰኝ ጣልያን አንድ ነው፤ እሱም እንግሊዝኛ ያወራል።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ጋ. መኮንን ዘንድ ሄድኩ። ስፓኒሹን ለሥራ፣ ጣልያንኛውን ለራሴ ላድርግ አልኩ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም አሉ። ድርጅቱ ሦስት ወር ሙሉ ሌላ ነገር እንድነካ አይፈልግም፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ጧት ማታ ስፓኒሽ ነው። ጣልያንኛው የትም አይሄድም፣ ይቆይሻል አሉ። እኔ እሄዳለሁ እንጂ! ቆይ የተባለ ነገር የት እንደሚደርስ አይቻለሁ።

ከኔ ቀጥሎ ተጠባባቂው እንዳለ የሚባለው ልጅ ነው፣ አብሮኝ የሚሰለፈው። ሚስቱ ልትወልድ ደርሳለች። እኔ ብሆን እግራቸውን ስሜ እቀበል ነበር አለኝ። እውነቱን ነው። እንዳይከፋኝ ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከፋኝ።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ዛሬም ተሰልፌ ተመለስኩ። የጫማዬ ተረከዝ ቀዳዳ አበጅቷል፤ ዝናቡ በዚያ ይገባል።

ተደብቄ ስልኬ ላይ ስፓኒሽ ከፈትኩ። ቀላል ነው። ግማሹን ሳልማር አወቅሁት። ደግሞ ያምራል። በሦስት ወር እንደምይዘው ታየኝ፣ ያናደደኝም ይኼው ነው። ከያዝኩት ለመድኩት ማለት ነው፣ በሱው ኖርኩ ማለት ነው፣ ያ የጣልያንኛ መጽሐፍ ሳይነበብ አቧራ ጠጣ ማለት ነው። ገና ሠላሳ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነኝ።

ምናልባት እነሱ ልክ ናቸው። ምናልባት ጅል ነኝ።

ማታ 1 ሰዓት። ጅል ልሁን። ወይ ፍንክች።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

የአባባን ታሪክ ከሕፃንነቴ ጀምሮ መቶ ጊዜ ሰምቻለሁ። ወሩ ሰኔ ነው፤ በሬዎቹ ተጠምደዋል። የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ጅራፉን እርሻው ላይ ጥሎ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋድላ ጠፋ። ሰባት ዓመት ቁራሽ ለመነ፤ የውሻ ንክሻው እስከ ዛሬ ባታቸው ላይ አለ። ሁሌ እየሳቁ ነው የሚያወሩት።

ዛሬ ምሳ አቅርቤ፣ እጃቸውን አስታጥቤ፣ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ወደ ዋድላ ሲሄዱ አያቴ ምን አሉዎት?»

«ቅኔ እንጀራ አይሆንም አሉኝ» አሉ።

«ሆነ?»

«አልሆነም።»

«ተጸጸቱ?»

ምርኩዛቸውን አንሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ምሳውን አልነኩትም። ምን ነካኝ? ክፉ ነኝ። ግን አልዋሸሁም።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ሦስት ቀን። አያናግሩኝም። ደህና አደሩ ስል እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ፣ ለግድግዳው። ማታ እኔ ጓሮ፣ እሳቸው መደባቸው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው። ጥናቴን ግን ተዪ አላሉኝም። እኔም ድምፄን አልቀነስኩም።

ነገ ፊርማ ነው። አልቅሼ ነበር። አሁን ጨርሻለሁ።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ጧት 3 ሰዓት ቢሮ ገባሁ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ፣ እስክሪብቶው ከላዩ። ቦታውን ለእንዳለ ይስጡልኝ አልኩ። ጋ. መኮንን መነጽራቸውን አወለቁ። የአባትሽስ ቃል አሉ።

«ቃሉን የሰጡት እሳቸው ናቸው። የሚፈረመው ግን የኔ ስም ነው፣ ጋሽዬ።»

ከእንግዲህ ተራሽ ሲርቅ እንዳትመጪብኝ አሉ። አልመጣም አልኩ። እንዳለ በር ላይ ቆሞ ሰምቷል፤ ዓይኑን የት እንደሚያደርግ አጣ። ስወጣ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ።

ቤት ገብቼ፣ ቆሜ፣ አባባ ቃልዎን አፈረስኩት አልኩ። ይቅርታ አልጠየቅሁም። ስለ ቃሉ እግራቸውን ስሜ ብነሣ ደስ ባለኝ፤ የመማሪያውን ቦታ ስለመተዌ ግን አላደርገውም። መቁጠሪያቸውን መቁጠር ቀጠሉ።

ማታ 12 ሰዓት። ዝናቡ አባርቷል፣ ጓሮው ጭቃ ነው። ጫማዬን አውልቄ ጀመርኩ። ድምፄ አልረጋም። ቫዶ፣ ቫይ፣ ቫ፣ አንዲያሞ፣ ቫኖ። ዞርኩ። ደግሜ ልጀምር ስል ከመደቡ በኩል ተማሪ የሚያርሙበት ድምፅ መጣ።

«አንዳቴን ዘለልሽ።»

ቆምኩ። ፊታቸው አሁንም ወደ መንገዱ ነው።

«ከላይ ጀምሪ» አሉ።

ከላይ ጀመርኩ።