ለሚስተር ዌይ የሰጠሁት ምስክርነት

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣ ለአቶ ተክለሃይማኖት፤

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ያ የጉልበትዎ ሕመም ደረጃ መውጣት ፈቀደልዎት ወይ? የእናቴስ የስኳር ነገር እንዴት ሆነ? ናርዶስ ለማትሪክ እያጠናች ነው ወይስ አሁንም ሬዲዮኑ ላይ ተጥዳለች? እኔ በአካል ደኅና ነኝ። ልቤ ግን ደኅና አይደለም፤ ምክርዎን ፈልጌ ነው መጻፍ የጀመርኩት።

ባለፈው እንዳጫወትኩዎት፣ ለጦር መርከብ የሚሆኑ ዕቃዎችን የሚሠራ ፋብሪካ ቀጥሮኛል። ዲግሪዬን ይዤ፣ ዜግነቱንም አግኝቼ፣ ዓለም የተከፈተችልኝ መስሎኝ ነበር። የቀረኝ የምሥጢር ሥራ ፈቃድ ብቻ ነው። እሱ እስኪመጣ የሚያሠለጥነኝ ሚስተር ዌይ የሚባል ቻይናዊ መሐንዲስ ነበር። ከአገሩ ከወጣ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ለአሜሪካ መሐላ ፈጽሞ ለመርከቦቿ አሥራ አንድ ዓመት የሠራ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን አየኝና፣ "ሲያትል ውስጥ ታክሲ የማይነዳ ኢትዮጵያዊ ሳይ አንተ የመጀመሪያዬ ነህ" አለኝ። ከዚያ በኋላ ምሳውን ሳያካፍለኝ በልቶ አያውቅም።

የእሱም የምሥጢር ሥራ ፈቃድ በየጊዜው ይታደሳል። የካቲት መጀመሪያ ላይ አንዲት መርማሪ መጥታ ስለ እሱ ጠየቀችኝ። አባባ፣ ሰዎች ስለ ሙሽራ ሊያጣሩ እኛ ቤት ሲመጡ እርስዎ የሚሉት ትዝ አለኝ። "ዘመዱን የማይረሳ ነው" ካሉ በቃ፣ ሌላ ጥያቄ የለም፤ ልጅቷ ትሰጣለች። እኔም ላሳምርለት ብዬ፣ ቻይና ላለው ወንድሙ በየሳምንቱ እንደሚጽፍ፣ ስሙን ሲያነሣ ዓይኑ እንባ እንደሚሞላ ነገርኳት። "ለወንድሙ ነፍሱን ይሰጣል" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ጻፈችው። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

በሦስተኛው ሳምንት የመግቢያ ባጁን ተቀበሉት። ወንድሙ እዚያ የመንግሥት ሠራተኛ ነውና፣ እሱን አስፈራርቶ ከሚስተር ዌይ ምሥጢር ማውጣት ይቻላል ነው ነገሩ። ዘበኛ ከጎኑ፣ የሻይ ብርጭቆውን ታቅፎ በፊቴ አለፈ።

ቢከን ሂል በሚባለው ሰፈር ካለው ቤቱ ሄጄ ጥፋቴን ነገርኩት። ሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጋ ነበር የከፈተችልኝ። እሱ ግን፣ "ታዲያ ምን ልትል ኖሯል? ወንድሙን አይወድም?" አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ከወንድሙ የመጣ ያልተከፈተ ደብዳቤ ነበር። ፈቃዱን ለማስመለስ ያቀረበው ይግባኝ እስኪታይ አልመልስለትም አለ። ወንድሙ ደግሞ በሽተኛ ነው።

አሁን ተራው የእኔ ሆነ። ቅጹ ውጭ አገር ያለ ቤተሰብህን ስም፣ ሥራውን፣ በየስንት ጊዜ እንደምትጻጻፉ ጻፍ ይላል። ወንድሜ ሕዝቅኤል ያለው የአገራችን አየር ኃይል ውስጥ ነው። አለቃዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ብዙም አንጻጻፍም በል፣ በዌይ ጉዳይም አትግባ፣ ገና ወጣት ነህ አለኝ። ይህን ሥራ እንዴት አድርጌ እንደምፈልገው እርስዎ ያውቃሉ። "አንጻጻፍም" ብዬ በእርሳስ ጻፍኩና ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

ምክርዎ እስኪደርሰኝ ወር ያልፋል፤ ቅጹ ግን ሰኞ ይመለሳል። እዚህ መስመር ላይ ስደርስ በእርሳስ የጻፍኩትን አጥፍቼ "በየወሩ" ብዬ በቀለም ጻፍኩት። ነገ ደግሞ ያንን ቃል ለምን እንደተናገርኩ የሚገልጽ ወረቀት ፈርሜ ለሚስተር ዌይ ጠበቃ እሰጣለሁ። እሱንም እኔንም ያድን እንደሆነ አላውቅም፤ ተስፋዬ ተሟጧል። ከሥራ ወጣ ሲሉ ቢሰሙ በስንፍናው ነው አይበሉኝ።

እናቴን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ናርዶስን ሬዲዮኑን ዝጊ ይበሉልኝ። ጎረቤታችንን እትዬ ሙሉአለምን ስለ ጸሎታቸው ያመስግኑልኝ። ሕዝቅኤል ለዕረፍት ሲመጣ ደግሞ፣ ቅጹ ላይ ስምህን ከነማዕረግህ ሙሉውን ጽፎታል ይበሉልኝ።

ልጅዎ አክሊሉ
ሲያትል፣ መጋቢት 12 ቀን 1990 ዓ.ም.