በማዕከሉ በር ላይ ስለተለጠፈው የአሰፋሽ ጥናት

ለተከበሩ ኡስታዝ እስማኤል
የኮሌጅ ክሬዲት ፈተና ማዘጋጃ ማዕከል ኃላፊ
ገዳሪፍ፣ ሱዳን

ክቡርነትዎ በዚህ ሙቀት እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ ይብዛ፣ የቢሮዎም ማራገቢያ መብራት ሳይጠፋበት ይዙር። እኔ ለንግድ ስትራቴጂ ፈተና የሚያዘጋጁኝ ተማሪዎ ባንተአምላክ ከኀፍረቴ በቀር ደህና ነኝ።

ለልምምድ ከአካባቢያችሁ አንድ ንግድ መርጣችሁ ጥንካሬውን፣ ድክመቱንና ስጋቱን ጻፉ ባሉን መሠረት፣ ወደ ባሱንዳ የሰሊጥ እርሻ ለሚሄዱ ሠራተኞች ምግብ የምትሸጠውን ያገሬን ልጅ አሰፋሽን መረጥሁ። በጥንካሬዋ ሁለቱን ድስቶቿን ጻፍሁ፤ አንዱ የሥጋ፣ አንዱ የጾም፣ ጭልፋቸው እንኳ ተነካክቶ አያውቅም። በድክመቷ ደግሞ ፈቃድ እንደሌላትና ከሻ፣ ማለትም አፈሳ፣ ሲመጣ ድስቶቹን በጎረቤቷ በሂያም ግቢ፣ ከፍየሎቹ በረት ኋላ እንደምትደብቅ ጻፍሁ። ስለዚህም ምስጋናዬና ቅሬታዬ የሚከተለው ነው።

፩. ጽሑፌን ከሁሉ አስበልጠው በማዕከሉ የውጭ በር ላይ ስለለጠፉልኝ፣ እንግሊዝኛው ለማይገባቸው መንገደኞችም ሳይሰስቱ የዐረብኛ ትርጉም ስላከሉበት እጅ እነሳለሁ። በአራተኛው ቀን የከሻው ሰዎች የመጡት በቀጥታ ወደ ፍየሎቹ በረት ነው፤ እንዲህ ተነብቦ ወዲያው በሥራ ላይ የዋለ የተማሪ ጽሑፍ ያለ አይመስለኝም።

፪. ስጋት የሚለው ክፍል አጥሯል ብለው በቀይ እስክሪብቶ የጻፉብኝ ትክክል ነበር። አሁን ረዝሟል። ድስቶቹ ተወስደዋል፣ አሰፋሽም ሦስት ቀን ታስራ ወጥታለች። መደበቂያውን ከእኔና ከሂያም በቀር የሚያውቅ ስላልነበረ ሂያምን ጠርጥራ፣ እነዚያ እንደ እህትማማች የነበሩ ሴቶች ተኳርፈዋል፤ እኔን መጠርጠር እንኳ አልሆነላትም።

፫. ሦስተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ የሚቀበለኝ ቢሮ ስላጣሁ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥልኝ። ስሟን መቀየር እችል ነበር፤ እውነተኛ ምሳሌ ነጥብ ይጨምራል ስላሉን ተውሁት። ከሻው ሲመጣ እዚያው ምግቧን እየበላሁ ነበር፤ የተማሪ መታወቂያዬን አሳይቼ፣ ዞር ብዬም ሳላይ ሄድሁ። ወይ እኔ! ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ወረቀቱ የተለጠፈ ዕለት ነው። ስሟ በር ላይ መውጣቱን ሰምታ የሂያምን ቶብ፣ ያንን የሱዳን ሴቶች የክት ልብስ ተውሳ፣ አምራ መጣች። እንግሊዝኛም ዐረብኛም ስለማታነብ ምን ይላል ብትለኝ ያመሰግንሻል አልኋት፤ ከጎኑ ቆማ እየሳቀች ፎቶ አነሳኋት። ፎቶውን መተማ ላሉት እናቷ ልካዋለች።

ፈተናው ሐሙስ ነው። እንደማልፍ አልጠራጠርም፤ በደንብ አስተምረውኛል።

በእርስዎ ትምህርት ዓይኑ ተገልጦ የሰው ፊት ማየት ያቃተው፣
ታዛዥ ተማሪዎ
ባንተአምላክ ስንሻው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህንን ደብዳቤ እዚያው በር ላይ፣ ከጥናቴ ጎን ለጥፌዋለሁ። ክቡርነትዎ አማርኛ ስለማያነቡ አይጨነቁ። አሰፋሽ ታነባለች።